ቀጥ አድርጎ የሚሸኝ ጠላ

በእኛ አገር ጠላ የሚመሰገነው ሰው ሲጥል ነው። እንግዳ በማግስቱ «ያ ጠላ እኮ ደጃፉን አላሻግር አለኝ» ካለ ጠማቂዋ ባለሙያ ናት፤ ቀጥ ብሎ ቤቱ ከገባ ግን ንፉግ። ድፍድፉ ላይ ውሃ ጨምረው የሚያወጡት ቅራሪማ የልጅና የቸገረው ሰው ነው፣ ለእንግዳ አይቀርብም። እናንተም ታውቁታላችሁ።

ልጄ ታደሰ ከመሳለሚያው ቤታችን እየተነሳ የአንድ እንግሊዛዊ መኪና ይነዳ ነበር። ካቲካላ ይዞታል። ለአማኑኤል ተስዬ ዓመት ጠበቅሁ። አንድ ቀን ራሱ መጥቶ፣ ጌታው ከገብስ ብቅል ቀለል ያለ ቢራ በቤቱ እንደሚጠምቅ፣ እየተጨዋወተ አራት ብርጭቆ ከጠጣ በኋላ እንኳ በመርፌ ቀዳዳ ክር እንደሚያስገባ አጫወተኝ።

«እማዬ፣ ከሰው ጋር መቀመጥ አልተውም። ቆሜ የምመለስበትን ግን ጥመቂልኝ።»

ከእህል በረንዳ ገብስ ገዝቼ አበቀልሁ። ታደሰ ከጌታው እንዳየው ብቅሉን በሙቅ ውሃ ዘፍዝፌ አጠለልሁ፤ ጌሾ ቆንጥሬ አፈላሁት፤ ሲቀዘቅዝ የጠላ ጥንስስ ጠብ አደረግሁበት። የመጀመሪያው ኮመጠጠ። ሁለተኛው የሞላሁበትን ጠርሙስ አፈንድቶ የጎረቤት ዶሮ አስበረገገ። ሦስተኛው ዳማ መልክ ያለው፣ መረር ብሎ ጉሮሮ የሚያርስ ሆነ። ታደሰ ቀመሰና «እሱ ነው» አለ። ከጓደኞቹ ጋር እቤት ይጠጣው ጀመር፤ ሦስት ወር ሙሉ በእግሩ ቆሞ አየሁት።

የጽዋ ማኅበራችን ተራ ሲደርሰኝ፣ ደስታው አላስችል ብሎኝ ያንኑ አቀረብሁ። የማኅበሩ ታላቅ እትዬ ብርቄ ቀመስ አድርገው ዋንጫውን አስቀመጡ።

«እልፍነሽ፣ እመቤታችንን በቅራሪ ትዘክሪያለሽ?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ታደሰ በሩ ላይ ቆሟል። «ልጄን ያቆመልኝ ይህ ነው» ማለት ነበረብኝ። አፌ ግን ሌላ አለ።

«ይቅርታ እትዬ፣ ለልጆች ያስቀመጥሁትን ተሳስቼ ነው ያቀረብሁት።»

ከጎረቤት ደረቅ ጠላ ተለምኖ መጣ፤ የእኔ ተደፋ። ታደሰ ዳግመኛ ጥመቂልኝ አላለኝም። ካቲካላው መልሶ ተቀበለው። በሁለተኛው ክረምት ቀበርሁት።

ለአርባው ያንኑ ቀላሉን ጠመቅሁ። ለቀስተኛው ስለ ልጄ እየተጫወተ እስኪመሽ ጠጣ፤ የተጣላም የወደቀም የለም። እትዬ ብርቄ ሦስት ዋንጫ ጠጥተው፣ «ነፍስ ይማር፣ ጠላሽስ እንዴት ይጥማል» ብለው ያለ ደጋፊ ወጡ።

ቅራሪ ያለ አልነበረም። ሐዘንተኛን አያሳፍሩትም፤ ሰዋችን ጨዋ ነው። እኔም በማኅበሩ ቀን እንስራዬን ያስደፋሁት ለጨዋነት ነበር።