ውርጭን ሥራ ያስገቡት ጎረቤታችን

ጎረቤታችን በብርዱ ወራት በየማለዳው ፊታቸውን ሳይታጠቡ የመኝታ ቤታቸውን መስኮት ይከፍታሉ። ባዶ እጃቸውን እስከ ክርናቸው ወደ ውጭ ይሰዱና መዳፋቸውን ወደ ላይ ገልብጠው እህል እንደሚገምት ነጋዴ አየሩን ከፍ ዝቅ ያደርጉታል። እጃቸው ሲደነዝዝ ይመልሱታል፤ ከዚያም ለመንደሩ ሁሉ በሚሰማ ድምፅ ፍርዳቸውን ያውጃሉ፦

«ዛሬ አለቁ!»

ያለቁት ተባዮቹ ናቸው። የትኞቹ እንደሆኑ አይገልጹም። በረሮም ይሁን ነቀዝ፣ ትንኝም ይሁን ትል፣ የሚበላና የሚራባ ጥቃቅን ነገር ሁሉ በዚያች ማለዳ ታሪኩ ተዘግቷል። በማግስቱም እጅ ይወጣል፤ ትናንት ያለቁት ዛሬም ያልቃሉ።

ብርድ በሚበረታበት አገር ሁሉ እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት መንደር የለም። ሌላው ሰው ብርድ ሲመጣ ካፖርቱን ይፈልጋል። እነዚህ ሰዎች ግን ብርድን እንደ ቅጥር ሠራተኛ ነው የሚያዩት። ሲዘገይ ይቆጣሉ፣ ሲበረታ ያመሰግኑታል፣ ያልሠራውን ሥራ ሳይቀር በስሙ ይቆጥሩለታል። የእኛው ጎረቤት በዘርፉ የላቁ በመሆናቸው ባለቤቴ «ሊቀ ውርጭ» የሚል ማዕረግ ሰጥታቸዋለች። ማዕረጉን ሲሰሙ አልተቆጡም። «ዘገየ» ነው ያሉት።

እምነታቸው ከሜዳ የመጣ አይደለም። ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የፍሪጅ ጠጋኝ ነበሩ። በዕድሜያቸው ያልከፈቱት የፍሪጅ ዓይነት የለም፤ ተበላሽቶ ያጋጠማቸው ነገር ሁሉ ደግሞ የተበላሸው ቅዝቃዜ ስላነሰው ነበር። ከዚህ ተነስተው ስለ ዓለም አንድ መደምደሚያ ላይ ደረሱ፤ ከዚያ ወዲህ የሚያነቃንቃቸው አልተገኘም።

ቤታችንና ቤታቸው በአንድ ግድግዳ የተያያዙ ስለሆኑ የዘመቻዎቻቸው ውጤት ቀድሞ የሚደርሰው ለእኛ ነው። አንድ ዓመት ኩሽናቸው በረሮ ገባበት። ሊቀ ውርጭ መርዝ አልገዙም። ማሞቂያውን አጠፉ፣ በርና መስኮቱን ሁሉ ወለል አድርገው ከፈቱ፣ ካፖርታቸውን ደርበው ኮፍያቸውን እስከ ቅንድባቸው አውርደው ሳሎኑ መሃል ወንበር ላይ ተቀመጡ። እየተንቀጠቀጡ ድልን ጠበቁ። ድሉም መጣ። በረሮዎቹ ግን የውኃ ቧንቧው የሚያልፍበት ቀዳዳ ወዴት እንደሚያስወጣ ያውቁ ኖሯል። ባለቤቴ በማግስቱ ሻይ ልታፈላ ገብታ የኩሽናችንን መብራት ስታበራ ወለሉ ተንቀሳቀሰ።

«ጋሼ» አለቻቸው በአጥሩ በኩል፣ «በረሮዎችዎ እኛ ቤት ናቸው።»

«ሸሹ ማለት ነው?»

«ሸሽተዋል።»

«በይ እንግዲህ ይህንኑ ለልጄ ንገሪልኝ። እኔ ብነግራት አታምነኝም።»

አንዳንዴ ደግሞ ይሳካላቸዋል፤ የሚያናድደውም ይኸው ነው። ነቀዝ የገባበትን የምስር ከረጢት ውጭ አሳድረው አቀዘቀዙት፣ ሳሎን አስገብተው አሞቁት፣ መልሰው ደግሞ አወጡት። «ለምን ያስገቡታል ታዲያ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ሞቀልን ብለው ሲዝናኑ መልሼ ልመታቸው ነዋ!» አሉ። ሳቅሁባቸው። ባለቤቴ ግን አልሳቀችም። የሥነ ሕይወት መምህርት ናት፤ ነፍሳትን ከአንድ ረጅም ብርድ ይልቅ እንዲህ ያለ መቀዝቀዝና መሞቅ አንዳንዴ የባሰ እንደሚጎዳቸው ነገረችኝ። ምስሩ ተበላ፤ ነቀዙ አልተመለሰም፤ እኛም ያን ታሪክ እስኪሰለቸን ሰማነው።

ከዚያ የፖሙ ዛፍ ነገር መጣ።

ዛፉ በእሳቸው ግቢ፣ ከአጥሩ አጠገብ የቆመ ነው። ችግኝ ሳለ በፍሪጅ ካርቶን ተሸክመው ያመጡት እሳቸው ናቸው። ልጃቸው ቆማ መሄድ የተማረችው ግንዱን ተደግፋ ነው፤ እሷ አታስታውሰውም፣ እሳቸው ግን በየሳምንቱ ያስታውሳሉ። ባለፉት ዓመታት ታዲያ ዛፉ ትል ለመደ። ፍሬው ከውጭ ሲያዩት ቀይና ደልዳላ ነው፤ ሲቆርጡት ልቡ ድረስ የተቦረቦረ መንገድ፣ በመንገዱ ጫፍ ባለቤቱ።

ልጃቸው የጥርስ ሐኪም ናት። የተቦረቦረ ነገር ስታይ መንቀል ይቀናታል።

«አባባ፣ ይህ ዛፍ የሚመግበው ትል ነው። ይነቀልና መኪናዬ ትግባበት። መንገድ ላይ ማደሯ ሰለቸኝ።»

«አንድ ብርድ ስጪኝ» አሉ።

«ምን?»

«አንድ ብርድ። ከዚያ በኋላ ስትፈልጊ አንዱን ፖም ከዛፉ ትቆርጫለሽ። ትል ከተገኘበት መጋዙን እኔው ራሴ አቀብልሻለሁ።»

ልጅቷ ተስማማች። አባቷን ስለምታውቃቸው ደግሞ እኔንና ባለቤቴን ምስክር አድርጋ ነው የተስማማችው።

ያን ዓመት ብርዱ ቀረ። ማለዳ ማለዳ እጅ ይወጣል፣ ይቆያል፣ ሳይደነዝዝ ይመለሳል። «ዛሬ አለቁ» የሚል ድምፅ የለም። ሊቀ ውርጭ ከሱ። ዳቦ ቤት ሲገቡ ሰው «አየሩ ደስ ይላል» ሲል ከሰሙ ዳቦውን ትተው ይወጣሉ። እኔም ሸሚዝ ለብሼ ፀሐይ ላይ መቆም አሳፈረኝ። ከዚያ አንድ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ዞረ፤ ሳይመሽ ውኃው በየቧንቧው ረጋ፣ የመንገዱ ኩሬ እንደ መስታወት ጸና። በማግስቱ ከመስኮቱ የተሰማው አዋጅ ባለቤቴን የቡና ስኒዋን አስጥሏታል።

ያን ቀን በአጥሩ በኩል ትምህርት ተሰጠ።

«ሁሉም እኮ አይሞቱም ጋሼ» አለች ባለቤቴ። «ብርዱ ቀስ እያለ ከመጣ ትሉ ይዘጋጃል። ሰውነቱ ውስጥ ያለው ፈሳሽ እንዳይረጋ የሚያደርግ ነገር ያመርታል፤ መኪና ራዲያተር ውስጥ እንደሚጨመረው ያለ።»

«ማን አስተማረው?»

«ተፈጥሮ።»

«እኔ ስለ ቅዝቃዜ ለማወቅ ስንት ዓመት ተገርፌ! ለትል ሲሆን በነፃ!»

«ዘንድሮ ግን ድንገት ነው የመጣባቸው። ከቅርፊቱ ሥር ከፍ ብለው ከተኙት ብዙዎቹ አይተርፉም። ከግንዱ ግርጌ ያሉት ናቸው የሚያሰጉት። በረዶ ሲጥል ይሸፍናቸዋል፤ በረዶ ደግሞ እንደ ብርድ ልብስ ነው፣ ከሥሩ ያን ያህል አይቀዘቅዝም።»

ሊቀ ውርጭ አንገታቸውን አስግገው የግንዱን ግርጌ አዩ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ብርድ ልብስ?» አሉ። «በእኔ ግቢ? ለትል?»

በረዶው በጣለ ጊዜ መጥረጊያ ይዘው ወጡ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከመስኮቱ አዋጅ በኋላ ሁለተኛው ሥራቸው የግንዱን ግርጌ ከበረዶ ማጽዳት ሆነ። ባለቤቴ ይህን ስታይ አፏን ይዛ ወጣች። «ጋሼ፣ ሥሩም እኮ ያንኑ ብርድ ልብስ ነው የለበሰው! ትሉን ገደልኩ ብለው ዛፉን እንዳይገድሉት!» ከእሷ ጋር ተከራከሩ፣ ከራሳቸው ጋር ተከራከሩ፣ በመጨረሻ መፍትሔ አገኙ። ከግንዱ የጠረጉትን በረዶ ሥሩ በተዘረጋበት መሬት ላይ ከመሩት። አልበቃ ቢላቸው የራሳቸውን የሱፍ ብርድ ልብስ አውጥተው በላዩ ላይ አነጠፉት።

«ደረቱን ገልጬ እግሩን አለበስኩት» አሉኝ፤ ፊታቸው ላይ አንድም የቀልድ ምልክት የለም።

ዳቦ ጋጋሪው በዚያ ሲያልፍ ይህን አየና ቆመ። «ጋሼ፣ ትራስስ አያስፈልገውም?»

«የአንተ ዳቦ የለሰለሰ ዕለት እሱን አንተርሰዋለሁ።»

ብርድ ልብሱን ለዛፍ የሰጠ ሰው ምን እንደሚገጥመው ግልጽ ነው። ሊቀ ውርጭ ታመሙ። ያ ሁሉ ዓመት ያወደሱት ሠራተኛ የመጀመሪያውን የተረጋገጠ ድል በራሳቸው ሳንባ ላይ አስመዘገበ። ልጃቸው አልጋ ላይ አስተኝታ መስኮቱን ቆለፈችባቸው። ልጠይቃቸው ስገባ በሳል መሃል እጄን ያዙኝ። ኑዛዜ መስሎኝ ጎንበስ አልኩ።

«ሌሊቱን ጥሏል?»

«ጥሏል።»

«እንግዲያው ምን ትሠራለህ እዚህ?»

መጥረጊያውን ይዤ ወጣሁ። በማግስቱም ወጣሁ፤ እስኪድኑ ድረስ ወጣሁ። አንድ ጠዋት የጥርስ ሐኪሟ ወደ ሥራ ስትሄድ ዛፉ ሥር ተንበርክኬ ከቅርፊቱ ላይ በረዶ በጣቴ ስፈለቅቅ አገኘችኝ።

«አንተም?» አለች።

«ምስክር ነኝ» አልኳት። መፈልቀቄንም ቀጠልኩ።

ዛፉ አልሞተም። ከሌሎቹ ዘግይቶ አበበ፤ የዘገየባቸው ቀናት ሊቀ ውርጭን ከሳንባ ምቹ በላይ አድክመዋቸዋል። ፍሬው ጎመራ፣ ቀላ። በአንድ የዕረፍት ቀን ልጅቷ ወደ ግቢ ወጣች፣ ዞር ዞር ብላ አየች፣ እጇን ሰድዳ አንዱን ቆረጠች። አባቷ ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። መጋዙን እንደ ቃላቸው አጠገባቸው አስደግፈውታል። ስለተወለወለ ያብረቀርቃል፤ ሰውየው ቃላቸውን ለማጠፍ አላሰቡም።

ፖሙን ለእኔ ሰጠችኝ። «ምስክር አይደለህ? ግመጥ።»

ገመጥኩ። የተገመጠው ጎን ወደ እኔ ነበር። ቡናማ መንገድ አየሁ፤ በመንገዱ ጫፍ ነጭ፣ ወፍራም፣ ጤናው የተጠበቀ ነዋሪ ተኝቷል። ያን ሁሉ ብርድ፣ ያን ሁሉ መጥረጊያ አልፎ የመጣ ቤተሰብ ልጅ ነው። ቀና ስል ሊቀ ውርጭ ያዩኛል። ቀኝ እጃቸው ሳያውቁት መዳፉን ገልብጦ ወደ ፊት ተዘርግቷል፤ አየር ሲመዝኑ እንደሚያደርጉት።

ሁለተኛ ጊዜ ገመጥኩ፤ ሰፋ አድርጌ።

«ይጣፍጣል» አልኩ።

«ትል የለውም?»

«የለውም።» በዚያች ደቂቃ ይህ እውነት ነበር።

ሊቀ ውርጭ መጋዙን አንስተው ወደ ዕቃ ቤት ገቡና እዚያ ብዙ ቆዩ።

ኋላ ባለቤቴ ከዛፉ አንድ ሳህን ሙሉ ፖም ለቅማ በቢላ ስትሰነጥቅ ሁሉም ንጹሕ ሆኖ ተገኘ። በቀደመው ዓመት ከሳህኑ ግማሹ ይጣል ነበር። ብርዱ ሠርቷል፤ ይህን መካድ አይቻልም። እውነቱን ስነግራት «ከመላው ዛፍ የተረፈው አንዱ ትል አንተን አገኘህ» አለችኝና ሳቀች። አልሳቅሁም፤ ሆዴን እያዳመጥኩ ነበር።

ልጅቷ ያን ቀን ከግቢው ስትወጣ አጥሩ ጋ ቆም ብላ ነበር። «ሰው ሲያኝክ ማየት ሥራዬ ነው» አለችኝ ቀስ ብላ። «ሁለተኛውን ሳታኝክ ነው የዋጥከው።» መልስ ሳትጠብቅ ስልኳን አውጥታ ቀድማ ለቀጠረችው ዛፍ ቆራጭ ደወለች፤ እንዳይመጣ ነገረችው።

ዛሬ ጠዋት የዘንድሮው የመጀመሪያ ውርጭ ጣለ። መኪናዋ መንገድ ላይ ነው ያደረችው። ሐኪሟ ወጥታ የመስታወቱን ውርጭ ስትፍቅ ከበላይዋ መስኮት ተከፈተ፣ እጅ ወጣ።