ሃያ ሁለት ቀን ዜሮ

[ስማ! ያልሰማህ ቅረብ፤ የሰማህ ለጎረቤትህ አድርስ! በዊስኮንሲን፣ ከሐይቁ ዳር ባለው የኑክሌር ኃይል ማመንጫ፣ የቀን ፈረቃ የጨረራ ቁጥጥር ንኡስ አለቃ፣ የሦስት ቁልፎች ጌታ፣ የአንዲት ስቴፕለር ባለአደራ ክሊፍተን ብራንዝቬት፣ የጭስ ማውጫውን ጨረራ ሃያ ሁለት ቀን ሙሉ ዜሮ አድርጎታል! ከእርሱ በፊት የነበሩት አለቆች አራት፣ አምስት እያስመዘገቡ ሲንፏቀቁ ኖረው ጡረታ ወጡ። እርሱ ግን ዜሮ። ኬክ እንኳ ታዟል፤ በላዩ ላይ በሰማያዊ ክሬም ትልቅ ዜሮ ተጽፎበታል። የመንግሥት ተቆጣጣሪዋ ወይዘሮ ፕሩት ከጠዋቱ አራት ሰዓት ትደርሳለች። የቀረው የወሩ ወረቀት ነው። ሁለት ፊርማ ይፈልጋል፦ የመረመረው ቴክኒሻንና በዓይኑ አይቶ የሚያረጋግጠው አለቃ። ቴክኒሻኑ ዱዌይን ሃልቨርሰን ደግሞ እስክሪብቶውን ይዞ እንደ በሬ ቆሟል።]

ክሊፍተን፦ እጅህ ተሰብሯል?

ዱዌይን፦ ደህና ነው አለቃ።

ክሊፍተን፦ ታዲያ ፈርም እንጂ!

ዱዌይን፦ ወረቀቱ እኮ «መለኪያው በደህና ይሠራል» ነው የሚለው።

ክሊፍተን፦ ምኑ ነው ያልሠራው? የመለኪያውን ሰሌዳ እየው። ስንት ይላል?

ዱዌይን፦ ዜሮ።

ክሊፍተን፦ ትናንትስ?

ዱዌይን፦ ዜሮ።

ክሊፍተን፦ እንዲህ ቃሉን የማያጥፍ መሣሪያ አይተህ ታውቃለህ?

ዱዌይን፦ ሰምቻለሁ፤ መሣሪያው ቃሉን አያጥፍም ብለዋል።

ክሊፍተን፦ እንደ በቀቀን አትድገምብኝ!

ዱዌይን፦ ደንቡ ነው አለቃ። ሰሚው የሰማውን ይደግማል፤ ተናጋሪው «ትክክል» ይላል። እርስዎ ነዎት ያስተማሩን።

ክሊፍተን፦ [በዚያ ትምህርት ሁለቴ የወደቀው ዱዌይን ዛሬ አስተማሪ ሆነበት] ትክክል፣ ትክክል! ቀጥል።

ዱዌይን፦ የእጅ መለኪያዬን የትም ይዣት ስሄድ ጠቅ ጠቅ ትላለች። ግንቡ ሥር ትላለች፤ መኪና ማቆሚያው ጋ ትላለች። መሬቱም ሰማዩም ትንሽ ትንሽ ጨረራ አያጣም። እስካሁን ዜሮ የሆነ ቦታ አላገኘሁም።

ክሊፍተን፦ አንተ ያላገኘኸውን እኔ አገኘሁት። ታዲያ ለምን አለቃ የሆንኩ ይመስልሃል?

ዱዌይን፦ የሞተ ሰውም ትኩሳት የለውም አለቃ።

ክሊፍተን፦ ምቀኛ! ሃያ ዓመት የናሙና ጠርሙስ ስትሸከም ኖረህ፣ ሰው ሲያልፍለት ዓይንህ ደም ይለብሳል።

ዱዌይን፦ ጨረራ ያላትን የመሞከሪያ ቁራጭ ወደ ጭስ ማውጫው መለኪያ አስጠጋሁለት። ዝም አለኝ።

ክሊፍተን፦ ልምድ ያለው መሣሪያ በትንሽ ነገር አይደነግጥም።

ዱዌይን፦ ሰምቻለሁ፤ አይደነግጥም። ከዚያ የመለኪያውን ሣጥን ከፈትኩና...

ክሊፍተን፦ ስለ ሣጥን ማን ጠየቀህ? እኔ የማወራህ ስለ ፊርማ ነው!

ዱዌይን፦ ችግር የለውም እኮ። «ተበላሽቷል» ብለን እንጻፍ። እስኪጠገን በየአሥራ ሁለት ሰዓቱ ጣራ ላይ ወጥቼ የጭሱን ናሙና በእጄ እወስዳለሁ። ከአጥሩ ማዶ ትምህርት ቤት አለ አለቃ። አንድ ነገር ቢወጣ ማን ያውቃል?

ክሊፍተን፦ በየካቲት ብርድ፣ ተቆጣጣሪዋ ስትገባ፣ አንተን ጣራ ላይ እንደ ድመት ተንጠልጥለህ ልታይህ? ኬኩንስ ምን ልበለው?

ዱዌይን፦ በሐሰት የፈረመ የመግቢያ ባጁን ይነጠቃል፤ ፍርድ ቤትም ይቆማል። ሥራዬን ማጣት አልፈልግም። ደግሞ ሣጥኑ ውስጥ...

ክሊፍተን፦ አሁንም ሣጥን! [ወረቀቱን ይነጥቀዋል] ፈሪ! ሰው እንዴት እንደሚፈርም ልይ ካልክ እየኝ። የእኔ መስመር ምን ይላል?

ዱዌይን፦ «ጨረራውን የሚለካውን ቱቦ ዛሬ ጠዋት በሣጥኑ ውስጥ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ደህና ነው» ይላል። ግን እኮ አለቃ...

ክሊፍተን፦ ዝም! [ይፈርማል፤ ከፊርማው ሥር ሁለት ጊዜ ያሰምራል፤ እንዲህ ያለ ፊርማ ለሚኒስትር ቢሆን አያንስም ብሎ ያስባል] አየህ? ሰማይ ተደፋ?

ዱዌይን፦ ሰምቻለሁ፤ ቱቦውን ዛሬ ጠዋት በሣጥኑ ውስጥ በዓይንዎ አይተውታል።

ክሊፍተን፦ ትክክል!

ዱዌይን፦ ደህና መሆኑንም አይተዋል።

ክሊፍተን፦ እንደ ብርቱካን ያበራል! ትክክል!

[በሩ ላይ ወይዘሮ ፕሩት ቆማለች። ኮቷን እንኳ አላወለቀችም። ክሊፍተን ፊቱን ሁሉ ፈገግታ አድርጎ ወረቀቱን ይዘረጋላታል፤ እርሷም ትቀበለዋለች።]

ዱዌይን፦ እንግዲያው አንዱ ቱቦ ሁለት ቦታ አለ ማለት ነው።

ክሊፍተን፦ ምን?

ዱዌይን፦ ሣጥኑ ባዶ ነው አለቃ። ሽቦው ብቻ ተንጠልጥሏል። ቱቦው የመሣሪያ ማስተካከያ ክፍል መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል፤ ከተላከ ዛሬ ሃያ ሁለተኛ ቀኑ ነው። የመላኪያው ቅጽ ላይ ያለው ፊርማም ከሥሩ ሁለት ጊዜ የተሰመረበት ነው።

ክሊፍተን፦ [ወረቀቱን ለማስመለስ እጁን ይዘረጋል፤ ወይዘሮ ፕሩት አትሰጠውም] ለምን... ለምን አልነገርከኝም?

ዱዌይን፦ ሰምቻለሁ፤ ለምን አልነገርከኝም ብለዋል። [የናሙና ጠርሙሱን ያነሳል] አሁን ጣራ ላይ ልውጣ፤ ሃያ ሁለት ቀን ዘግይተናል።

[ይወጣል። ወይዘሮ ፕሩት ወንበር ስባ ከክሊፍተን ፊት ለፊት ትቀመጥና እስክሪብቶዋን ታወጣለች።

አንባቢ ሆይ፣ በአንተም መሥሪያ ቤት ግድግዳ ላይ «ምንም ችግር የለም» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሎ ይሆናል። አለቃህ ከመምጣቱ በፊት አንድ ነገር ብቻ አድርግልኝ፤ ከጀርባው የወጣውን ሽቦ በእጅህ ያዝና፣ ሳትለቅ ተከትለኸው ሂድ፤ ጫፉ ላይ አንዳች ነገር መኖሩን በዓይንህ ሳታይ አትፈርም።]