እስከ ፋሲካ የሚቆይ ማግኔትሮን

በሬ የሚገዛ ሰው ከንፈሩን ገልጦ ጥርሱን የሚያየው ዕድሜ ፍለጋ ነው። «ስንት ክረምት ያርስልኛል?» ነው ጥያቄው። እኔም በግብርና ሠራተኝነት ዘመኔ ሁሉ፣ ከቡሬ እስከ ፍኖተ ሰላም ባሉት ገበያዎች፣ ስንቱን ገበሬ «የሚቆየውን ግዛ» እያልሁ ሳማክር ኖሬ ጡረታ ወጣሁ። ቶሎ የሚሞተውን ስጡኝ ብሎ ገበያ የወጣ ሰው ግን ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እንግዲያው ተዋወቁኝ።

ልጃችን ኅዳር ላይ አዲስ አበባ ስትወልድ ባለቤቴ ውባለም አራስ ልትጠብቅ ሄደች። ልጅቱም በልዋጩ ማይክሮዌቭ ላከችልኝ፤ ሚስት ወስዶ ሣጥን መስጠት እንግዲህ የዘመኑ ልውውጥ ነው። መናኸሪያ ድረስ ስሸኛት ውባለም በአውቶቡሱ መስኮት ብቅ ብላ «ቀዝቃዛ ትበላለህ የሚል ወሬ ከሰማሁ በማግስቱ መጣሁ!» አለችኝ። የሄደችው ለሰማንያ ቀን ነበር። ክርስትናውን እኔም ሄጄ በላሁ፤ የተመለስሁት ግን ብቻዬን ነው። ልጅቱ ሥራ ልትገባ ነው፣ ሕፃኗን የሚይዝ ሰው የለም፤ ምን ይባላል?

ቅበላ ደረሰ። ውባለም ብትኖር በዐቢይ ጾም ዋዜማ ድስቱን ሁሉ በአመድ ፈትጋ የፍስኩን ሽታ ከቤት ታስወጣ ነበር። ወጓን ማፍረስ አልፈለግሁም፤ እውነቱን ለመናገር ደግሞ የእሷን ሥራ ስሠራ ቤት ያለች ይመስለኛል። ድስቱን ፈተግሁ። ማይክሮዌቩ ቀረ። ስንት ዶሮ ወጥ የሞቀበት ሣጥን፣ አመድ አይነካው ነገር! በእሳት ይጥራ ብዬ ባዶውን ዘግቼ ዐሥር ደቂቃ አስነሣሁት፤ ደግሜ ዐሥር፤ በሦስተኛው «ጧ» አለ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይኼ ነው።

ከዚያ ወዲህ መብራቱ ይበራል፣ ሳህኑ ይዞራል፣ ሲጨርስም ደውሉን ይደውላል፤ ሽሮው ግን እንደገባ ይወጣል። ቤቴን ይመስላል፤ ሁሉ ነገሩ አለ፣ ሙቀቱ የለም።

«ምድጃ የለህም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። አለኝ፤ ግን የተግባባው ከውባለም ጋር ነው፣ እኔ ሁለት ድስት አሳርሬበት ተውሁት። በሳምንት ሁለት ቀን የምትመጣ ሴት የሠራችልኝን ወጥ ቀዝቃዛውን እየበላሁ በስልክ «ትኩስ ነው» እላለሁ። አንድ ቃል ብተነፍስ ትመጣለች። ናፍቃኛለች፤ እንድትመጣም እፈልጋለሁ። ሕፃኗስ? እንዲህ ስብሰለሰል ተዘግቶ የሰነበተው መንገድ ተከፈተ ሲባል ሰማሁ፤ ሣጥኔን አቅፌ በሚኒባስ ቡሬ ገባሁ።

ይበልጣል የሚባል ኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ ክዳኑን ፈትቶ ጭብጥ የምታህል ብረት አወጣ። ሙቀቱን የምትፈጥረው እሷ ናት፤ ማግኔትሮን ትባላለች።

«ጋሼ፣ ባዶውን አስነሥተውት ነበር እንዴ?»

ለጾም ላጸዳው ብዬ ነው ማለት አሳፈረኝ።

«ሙቀቱ የሚያርፍበት ሲያጣ ዞሮ ራሱን ነው የሚበላው» አለ። «ከእንግዲህ ለሙከራም ቢሆን አንድ ስኒ ውሃ ያስቀምጡበት።»

ምትክ መምረጡ ከበሬ ምርጫ ይከብዳል። ኃይሉ ሲመጣጠን የቡሎኑ ቀዳዳ አይገጥምም፤ ቀዳዳው ሲገጥም ሽቦው የሚሰካበት በወዲያ በኩል ይሆናል። ካርቶን ሙሉ ሲለካካ ቆይቶ ሁለት ቀሩ።

«ይኼኛው አዲስ ነው፤ እኔንም እርስዎንም ይቀብራል። ያኛው ከተጣለ ማይክሮዌቭ የወጣ ነው። ፋሲካን ያደርስዎታል፤ ከዚያ ወዲያ አልምልም።»

በዋጋ ብዙም አይራራቁም። አዲሱን አንሥቼ አገላበጥሁት፤ ያብረቀርቃል። ይህን ከገዛሁ ግን ውባለም አትመለስም ብዬ መፈረሜ ነው። አሮጌው ፋሲካ ላይ ይሞታል፤ ያኔ የጠራኋት እኔ ሳልሆን ብረቱ ይሆናል። ፈሪ ሰው እንዲህ ነው፤ የሚናገርለት ዕቃ ይፈልጋል።

«አሮጌውን ስጠኝ» አልሁት።

«ኧረ ጋሼ! የቸገረው እርጉዝ ያገባል ነው የሚባለው፤ እርስዎ ምን ቸገረዎ?»

ብሩን ቆጥሬ ሰጠሁት።

ቤት ገብቼ ሽሮዬን አሙቄ ደወልሁላት። ትኩስ እየበሉ መዋሸት አይሆንልኝምና ሁሉንም ዘከዘክሁት፤ የቅበላውን፣ የቡሬውን፣ አሮጌው እስከ ፋሲካ ብቻ እንደሚቆይ። ለጾም ብዬ ባዶውን ማቃጠሌን ስትሰማ እስኪያስላት ሳቀች። ስለ ፋሲካው ስነግራት ግን ሳቋ ተቋረጠ። ከኋላዋ ሕፃኗ ታለቅሳለች።

«አዲሱን ብትገዛ ይሻልህ ነበር» አለችኝ፣ ቀስ ብላ።

ውባለም የጎጃም ሴት ናት፤ አልመጣም አትልም፣ አዲሱን ግዛ ትላለች እንጂ።

ፋሲካ አለፈ። ዳግማይ ትንሣኤም አለፈ። ዕድሜው እስከ ፋሲካ ነው የተባለው ብረት ግን ዶሮውንም አሙቆ፣ ዛሬም እንደ ጉድ ይሠራል። እንዴት እንደሚሞት ደግሞ አውቃለሁ፤ ሦስት ጊዜ ዐሥር ደቂቃ፣ ባዶውን። ከዚያ ቀዝቃዛ ነው የምበላው ብዬ ብደውል ውባለም ቃሏን አታጥፍም፤ በማግስቱ አውቶቡስ ላይ ናት።

ትናንት ከምሳ በኋላ ባዶውን ዘጋሁት። ጣቴን ቁልፉ ላይ አሳረፍሁ። ሣጥኑ ላይ የክርስትናው ፎቶ ቆሟል፤ ሕፃኗ ውባለም እቅፍ ውስጥ ተኝታለች። ትንሽ ቆሜ አየኋቸው።

ከዚያ መዝጊያውን ከፈትሁና አንድ ስኒ ውሃ አስቀመጥሁበት።