ተራቸውን የሚጠብቁ መርከቦች

ከማወጋችሁ ውስጥ የተሳሳትኩት ሊኖር ይችላል። ቅዳሜ ነበር እላለሁ፤ እሑድም ሊሆን ይችላል። ጥንቁቅ ነኝ የሚል ሰው ጣጣው ይኸው ነው፤ ሁሉን ሁለት ጊዜ ያይና የሚሳሳተው ይበልጥ በተጠነቀቀበት ላይ ነው። ቆዩ፣ ላስረዳችሁ።

ሥራዬ ባሕር ላይ የነፋስ ኃይል ማመንጫ የሚተከልበትን ቦታ ማጥናት ነው። ነፋሱ ይበቃል ወይ? የባሕሩ ወለል ምሰሶ ይሸከማል? መርከብ ያልፍበታል? እናቴ ግን ለጠየቃት ሁሉ «ልጄ ነፋስ ይለካል» ትላለች፤ ሰሚውም በሐዘኔታ ያየኛል። ባሕር ከሌለው አገር የመጡ ሰዎች ልጅ ለእንግሊዞች ባሕር ሲመርጥላቸው ሳስበው፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ባቡር ውስጥ ብቻዬን ፈገግ እላለሁ።

ያን ሰሞን በስሜ የሚወጣው የመጀመሪያ ሪፖርቴ ሰኞ ሊቀርብ ነበር። የሙከራ ጊዜዬ የሚያበቃውም በዚያው ሳምንት ነው፤ ሪፖርቱ ካላማረ መሰናበቴ ነው። ደስ የሚለው ግን ካርታው ላይ ባዶ ቦታ አግኝቻለሁ፤ ነፋሱ ጥሩ፣ ጥልቀቱ ልክ፣ አንድም መርከብ የማይታይበት። ያማረ ባዶ።

ታዲያ በዚያ ቅዳሜ፣ ወይም እሑድ፣ እዚህ ለንደን ኪልበርን ከኛ በታች ያለው ፎቅ ላይ የሚኖሩት ጋሽ ተስፋይ፣ ተራ ተጠብቆ የሚገኘውን የካውንስል የኪራይ ቤት ፎርም ሊያስሞሉኝ መጡ። ኤርትራዊ ናቸው፣ በአማርኛ የተማሩ፣ ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ በጽዳት ሠርተው ጡረታ የወጡ። በወጣትነታቸው አሰብ ወደብ የመርከብ ተራ ይመዘግቡ እንደነበር ሺህ ጊዜ ነግረውናል። እኛም ሺህ ጊዜ «እሺ ጋሼ» ብለን አልፈናል።

ፎርሙን መሙላት እንደጀመርኩ መነጽራቸውን አድርገው ላፕቶፔ ላይ አፈጠጡ።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ባሕር ነው ጋሼ። መስመሮቹ መርከቦች የሄዱባቸው ናቸው።»

«የቆሙትስ?»

«የትኞቹ የቆሙት?»

«አንተ ልጅ፣ መርከብ እንደ ሚኒካብ ታክሲ በር ላይ አውርዶ የሚሄድ መሰለህ? ወደቡ ሲሞላ ውጭ መልሕቅ ጥሎ ተራውን ይጠብቃል እንጂ!» ጣታቸውን ባዶዬ ላይ አሳረፉ። «እኔ ብሆን እዚህ ነበር የማስቆማቸው።»

ላፕቶፑን ወደ ራሴ ሳብኩ። መረጃውን ሳጸዳ የማይንቀሳቀሱትን ነጥቦች የመሣሪያ ስህተት ናቸው ብዬ አጥፍቻቸው ነበር። በጥንቃቄ፣ አንድም ሳላስቀር። መልሼ ሳስገባቸው ያማረው ባዶዬ በመርከብ ተሞላ። ማንም በካርታ ላይ ያልጻፈው፣ ልማድ የሠራው መጠበቂያ ነበር።

ሰኞ አለቃዬ ፊት ቆሜ ስህተቴን አንድ በአንድ ተናገርኩ፤ ቦታው ወደ ምሥራቅ ቢገፋ እንደሚሻልም አሳየኋት። ካርታውን ደጋግማ አየችና «ማን ነገረህ?» አለችኝ። «አንድ አማካሪ» ልል ከጅሎኝ ነበር። «ታችኛው ፎቅ የሚኖሩ የወደብ ባለሙያ» አልኩ። ያን ስል ደረቴ ሰፋ። ቦታው ተገፋ፤ እኔም በቋሚነት ተቀጠርኩ።

የምሥራቹን ይዤ ወደ ጋሽ ተስፋይ ወረድኩ።

«ደግ አደረግህ» አሉኝ። «ጀምረህ የተውከው የኔስ ፎርም? እኔም ተራ እየጠበቅሁ እኮ ነው።»

ትናንት የዚያን ፎርም ኮፒ መሳቢያዬ ውስጥ አገኘሁትና ቼክ አደረግሁ። መሙላት ስጀምር የጻፍኩት ቀን ቅዳሜ ነው። «የቀድሞ ሥራ» በሚለው ቦታ ላይ በእጄ ጽሑፍ «ጽዳት» የሚለው ተሰርዟል፤ ከጎኑ «የወደብ መርከብ ተራ መዝጋቢ፣ አሰብ» ይላል።