ቀኝ እጁን ያመመው ጠያቂ

ጥበቃ የሚቀጠረው የውስጡ ሰው እንዳይወጣ ነው ብሎ የሚያምን ሰው፣ በር ላይ ውሎ የማያውቅ ሰው ነው። የምሠራበትን ቦታ የሰማ ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «ልጆቹ አያመልጧችሁም?» ብሎ ነው። ወዴት ይሂዱ? እንጅባራ እኮ ናት። በጉም ጧት እግሩን ከብርድ ልብስ ማውጣት የማይደፍር ልጅ አጥር ዘሎ ምን ሊያተርፍ? በር የሚያስጨንቀው በሚወጣው ሳይሆን በሚገባው ነው። እናት ከምሳ ዕቃው ጋር ለቅሶ ይዛ ትገባለች። አጎት «ለሆድ ቁርጠት» ብሎ አረቄ በውኃ ላስቲክ ያመጣል። ጓደኛ ሲጋራ በካልሲው ይደብቃል። አንድ እሑድ የገባብን ግን ከዚህ ሁሉ የባሰ ነበር።

ቦታው ከከተማው ወጣ ብሎ፣ በዘንገና መንገድ፣ ጥፋት ሠርተው ፍርድ ቤት የላካቸው ታዳጊዎች የሚኖሩበት ማቆያ ነው። የእኔ ማዕረግ «የሠራተኞችና የዕለት ሥራ ተቆጣጣሪ» ይባላል። ሲጠሩት ደረት ያስነፋል። ሥራው ግን የማገዶ እንጨቱ ለምን እንደረጠበ፣ የሌሊቷ ሞግዚት ከቀኗ ጋር ለምን እንደተኳረፈች፣ ማን ለማን ፈረቃ እንደሰጠ ስጠይቅ መዋል ነው። ልጆቹን ማስተዳደር ይሻላል። የልጆቹ ጥፋት ቢያንስ በችሎት ተጣርቷል፤ የሠራተኛውን ማን ያጣራል?

የበሩ ጌታ ጋሽ ምህረቴ ናቸው። የአገሩ ተወላጅ ናቸው፣ አዊኛውንም አማርኛውንም እንደ ውኃ ነው የሚጠጡት፣ ከዘንገና እስከ ጥርባ የማያውቁት ቤት የለም። ጥፋታቸውም ይኸው ነው። ደንባችን «ጠያቂ ሁሉ ይፈተሽ» ይላል፤ እሳቸው ግን ኪስ ከመንካታቸው በፊት «የማን ልጅ ነህ?» ይላሉ። ሰውየው አባቱን ይጠራል፣ አያቱን ይጠራል፣ ቅድመ አያቱ ላይ ሲደርሱ አንድ ቦታ ዘመድ ሆነው ይገናኛሉ። ዘመድ ደግሞ ይፈተሻል እንዴ? ስንት ጊዜ መክሬያቸዋለሁ። «እሺ እቴ» ይሉኛል። ከጋሽ ምህረቴ አፍ የሚወጣ «እሺ» ከሌላ ሰው አፍ ከሚወጣ «እምቢ» የበለጠ ጠንካራ ነው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የጠያቂ ሰዓት ነው። በደንቡ መሠረት አዳራሹ ውስጥ ሁለት ሠራተኛና አንድ ፖሊስ መኖር አለባቸው። በዚያ እሑድ ፈታሿ ክርስትና ተጠርታ ቀርታለች። ዳይሬክተራችን ለቅሶ ሊደርስ ዳንግላ ወርዷል። የተመደበልን ሃምሳ አለቃ «ቁርስ ቢጤ ቀምሼ መጣሁ» ብሎ በባጃጅ ወደ ከተማ ገብቷል። አገሩን የያዝነው ጋሽ ምህረቴ ከበሩ፣ ሰናይትና እኔ ከአዳራሹ ነበርን። ሰናይት ልጆቹን የምታማክር፣ ችሎትም ሲሄዱ አብራቸው የምትቆም ባለሙያ ናት።

ይህቺው ሰናይት ፈገግ እንዳለች ወደ እኔ መጣችና ክርኔን ያዘችኝ። ፈገግታዋ ለአዳራሹ ነበር፤ ጣቶቿ ግን ክንዴን ሊበጥሱት ደረሱ።

«ከፈንታሁን ጋር የተቀመጠው ሰው አባቱ አይደለም» አለችኝ። «የጌትነት አባት ነው።»

ፈንታሁን አሥራ አምስት ዓመት ያልሞላው፣ ከዘንገና አካባቢ የመጣ ልጅ ነው። ጌትነት ጎረቤቱ ነበር። አንድ ክፍል የሚማሩ፣ አንድ ወንበር የሚቀመጡ፣ አንዱ ቤት ከተበላ ሌላው የማይራብ ጓደኛሞች ነበሩ። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ሲመለሱ በኳስ ተጣሉ፤ ፈንታሁን በንዴት ድንጋይ ወረወረ፤ የጌትነት አንድ ዓይኑ ጠፋ። ነገሩ ይኸው ነው። ሰናይት እንደምትለው የጌትነት አባት አቶ ሞላ በችሎቱ ቀን አልጮኸም፣ አላለቀሰም። «እኔ ዳኛ አልፈልግም» ብሎ ጋቢውን አጣፍቶ ወጣ። የሚጮህ አባት አያስፈራትም፤ የዚህኛው ዝምታ ግን ከጆሮዋ አልወጣም።

ጋሽ ምህረቴ ምን አድርገው አስገቡት? ኋላ እንደነገሩኝ ሰውየው «ልጄን ልጠይቅ» አላቸው፤ ትንሽ ሲያወሩ በእናታቸው ወገን ተዛመዱ፤ ዱላውን ተቀብለው ጋቢውን ሳይነኩ አስገቡት።

ታዲያ ለምን አልጮህሽም ትሉኛላችሁ። ብጮህስ? ልጁን ሊጠይቅ የመጣ ደግ ሰው ከሆነ በሕዝብ ፊት አዋረድሁት ማለት ነው። አስቦ የመጣ ከሆነ ደግሞ ጩኸቴ ሥራውን ያስቸኩልለታል። በዚያ ላይ አዳራሹ በእናትና በልጅ ጢም ብሎ ሞልቷል። እየተንጎራደድሁ፣ የአንዷን ሕፃን ጉንጭ እየነካሁ፣ የአንዱን አዛውንት ጤና እየጠየቅሁ ተጠጋኋቸው። የሚያወሩት በአዊኛ ነው። እኔ የማርቆስ ሰው ነኝ፤ እዚህ አገር ስኖር ከአዊኛ የያዝሁት ሰላምታ ብቻ ነው። እነሱ ደግሞ ሰላምታውን ጨርሰዋል።

አጠገባቸው የተቀመጠች እናት ለፈንታሁን ቆሎ ዘገነችለት። ልጁ በሁለት እጁ ተቀብሎ ወደ ሰውየው ዘረጋ። ሰውየው በግራ እጁ ተቀበለው።

የዚህ አገር ገበሬ በግራ እጁ እህል ሲቀበል አይታችሁ ታውቃላችሁ? እጁ ተሰብሮ የታሰረበት እንኳ ይቅርታ ጠይቆ ነው። የሰውየው ቀኝ እጅ ጋቢው ውስጥ ነበር፤ አንድ ነገር ጨብጦ እንደያዘ ከትከሻው ያስታውቃል።

ስልኬን አወጣሁ። ዳይሬክተሩ ዳንግላ ነው፤ ኔትወርኩ ደግሞ የት እንደሄደ እንጃ። የሃምሳ አለቃው ስልክ ጠራ፣ ጠራ፣ ዘጋ። ያን ጊዜ አንድ መላ መጣልኝ፤ ሰናይትን የምሳ ደወል አስደውዪ አልኋት። ደወሉ ከተመታ ጠያቂ ይሰናበታል፣ አዳራሹ ይለቀቃል፣ ቢያንስ የሌላው ልጅ ይተርፋል።

ለደወል የሰቀልነው የመኪና ቸርኬ ተመታ። ሰው መነሳት ጀመረ። እኔም «ተመስገን» ልል ስል የወጥ ቤታችን እመቤት እትዬ የሺ ጭልፋዋን እንደያዘች በሩ ላይ ተገተረች።

ማነው የደወለው አለች። ወጡ አልደረሰም፤ እሷ ያልደረሰ ወጥ አታወጣም። የተነሳው ሰው ተመልሶ ተቀመጠ። ደርሷል አልኋት። አልደረሰም አለችኝ። ሥራ አስፈጽሜ አላውቅም እንጂ እንዲህ ያለ ሠራተኛ ይዤ ጦር ብዘምትም አልሸነፍም ነበር፤ ጦሩ መጀመሪያውኑ ከቤት አይወጣማ። ግራ ሲገባኝ በዓይኔ ጠቀስኋት።

«ዓይንሽን ምን ነካው?» አለችኝ፣ አዳራሹ ሁሉ እየሰማ።

በዚያ ቤት፣ በዚያች ደቂቃ፣ መነሳት ያልነበረበት አንድ ቃል ቢኖር እሱ ነበር። ሰውየው ቀና ብሎ አየኝ። ፈንታሁን አንገቱን ደፋ። ሰናይት እትዬ የሺን በትከሻዋ አቅፋ ስትወስዳት፣ ምን እንዳለቻት አላውቅም፣ የጭልፋው ኮቴ ይመስል የወጡ ጠብታ ብቻ መንገድ መንገዱን ቀረ። ሰዉም አንድ በአንድ ወጣ።

ፈንታሁንም ሊነሳ ሲል ሰውየው አንዲት ቃል ተናገረው። ልጁ ተቀመጠ። ጋሽ ምህረቴ ነገሩ ደርሷቸው ኖሮ ከኋላዬ ቆመዋል፤ ፊታቸው አመድ መስሏል። ምን አለው አልኋቸው በሹክሹክታ።

«‹ተቀመጥ፣ አልጨረስንም› አለው» አሉኝ። ትንሽ ቆይተው «ጋቢውን አልነካሁትም እኮ» ብለው ጨመሩበት፣ እኔ የማላውቅ ይመስል።

ልጁ ማውራት ጀመረ። ቀስ ብሎ፣ መሬት መሬቱን እያየ ነው የሚያወራው። ሰውየው ቆሎውን ሳይቆረጥም በግራ መዳፉ እንደያዘ ቀረ። ጋሽ ምህረቴን ይተርጉሙልኝ ብዬ ዞር ስል ከንፈራቸው ይንቀጠቀጣል፤ ቃል አይወጣቸውም። አስተርጓሚ ሲያለቅስ ከማየት የባሰ ፍርሃት ምን አለ? የተባለው ክፉ ይሁን ደግ አታውቁት።

ሄጄ በሁለቱ መካከል ተቀመጥሁ። ጀግና ሆኜ አይደለም፤ ቆሜ ብቆይ እወድቅ ስለነበር ነው።

«አባቴ» አልሁት፣ «ቀኝ እጅዎን ያመመዎት ይመስለኛል።»

ትክ ብሎ አየኝ። ከዚያ በአማርኛ «አሞኝ እንጂ» አለኝ። «ዓይኑ ከጠፋ ጀምሮ አሞኛል። እንቅልፍ ነስቶኛል። ዛሬ ልገላገለው ነበር የመጣሁት።»

በአገጩ ወደ ልጁ አመለከተኝ።

«እንዳየኝ ተነስቶ ጉልበቴን ሳመ፤ ድሮም የሚያደርገው ነው። አላየሁትም አልሁ። ከዚያ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ስለ እናቱ አልጠየቀኝ፣ ስለ ቤቱ አልጠየቀኝ። ‹ጌትነት ሰሌዳው ይታየዋል ወይ?› አለኝ። ‹በየት በኩል አስቀመጡት? በደኅነኛው ዓይኑ በኩል፣ ከፊት ወንበር እንዲያስቀምጡት ለአስተማሪው ይንገሩልኝ› አለኝ። እኔ አባቱ ይህን አላሰብሁም። እኔ ስለ ጠፋው ዓይን ሳስብ ከረምሁ፤ እሱ ስለ ቀረው ዓይን ጠየቀኝ።»

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላል ያገራችን ሰው። ወግቶም የማይረሳ እንዳለ ተረቱን የተረተው ሰው አላየ ይሆናል።

እስካሁን «እሱ» እያልሁ ያወራኋችሁ ሰው ከዚህ በኋላ «እሳቸው» ናቸው። እጃቸው ከጋቢው ሲወጣ በልቤ ያን ጊዜውኑ አንቱ አልኋቸው። በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጡና አግዳሚው ላይ አስቀመጡት። ጨርቁ በአንድ ወገን ተገለጠ። ስለቱ ከብርዱ ይሁን ከፍርሃቴ እንጃ፣ ሰማያዊ መስሎ ታየኝ።

ፈንታሁን አየው። «ለእኔ ነው?» አላቸው፣ በአማርኛ።

«ነበር» አሉት።

ልጁ ፊቱን በክንዱ ሸፍኖ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እኔ ቢላዋውን ከእነ ጨርቁ አንስቼ ተቀመጥሁበት። በሥልጠና የተሰጠን ነገር ይኖር ይሆናል፤ ያን ሰዓት የመጣልኝ ግን መቀመጥ ብቻ ነው። አቶ ሞላ ቀኝ እጃቸውን አፍታቱት፤ ጣቶቹ ደርቀው አልዘረጋ ብለዋቸው በግራቸው አሿቸው። ከዚያም ቆሎውን ከግራ ወደ ቀኝ አዛውረው ቆረጠሙ። ጋሽ ምህረቴ በጋቢያቸው ጫፍ ፊታቸውን ጠረጉ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ሃምሳ አለቃው በጥርሱ ስንጥር እንደያዘ ያን ጊዜ ከተፍ አለ።

ልባችሁ እንዳይንጠለጠል የኋላውን ላስቀድም። አቶ ሞላ ማንም ሳያስገድዳቸው ሁሉን ተናገሩ፤ ጣቢያ ወርደው ሰነባበቱ፤ በዋስ ወጡ። ሽማግሌ ገባ፤ ሁለቱ ቤቶች ታረቁ። ጌትነት ከፊት ወንበር ተቀመጠ፤ አንድ እሑድም ራሱ መጥቶ ከፈንታሁን ጋር ሲሳሳቁ ሰማሁ፣ በአዊኛ ስለሆነ በምን እንደሆነ አላውቅም። ጋሽ ምህረቴ አሁን ዘር የሚቆጥሩት ከፈተሹ በኋላ ነው።

ያን ቀን ግን ሃምሳ አለቃው ቃል ሊቀበል ቢሮዬ ተቀመጠ። አቶ ሞላ የተጠየቁትን ሁሉ ያለ ማቅማማት መለሱ። ልጁን ለመጉዳት ነው ወይ የመጡት? አዎ። አስበውበት ነው? ክረምቱን በሙሉ። ሰው ልኮዎት ነው? የለም፣ ራሴ ነኝ። እንዲህ ያለ ቃል ተቀብሎ የማያውቀው ሃምሳ አለቃ እየጻፈ ያልበዋል። በመጨረሻ ቢላዋውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ይህ የእርስዎ ነው?»

አቶ ሞላ ቢላዋውን አዩት። «አይደለም» አሉ።

ሃምሳ አለቃው ብዕሩን አስቀመጠ። ሁሉን አምነው እዚህ ላይ ይክዳሉ? የእርስዎ ካልሆነ የማን ነው፣ ማን አስታጠቀዎት፣ ግብረ አበር አለ ማለት ነው እያለ ድምፁ ከፍ ከፍ አለ። እኔም ነገሩ እንደገና ሊጀመር ነው ብዬ የወንበሬን ጠርዝ ጨበጥሁ። አቶ ሞላ አንገታቸውን ደፉ። ከጧት ጀምሮ ያላየሁባቸው ፍርሃት ፊታቸው ላይ ወጣ።

«የባለቤቴ ነው» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «የሽንኩርቷ ነው፤ ሳላስፈቅዳት ነው ያነሳሁት። አሁን ምን ብዬ እገባለሁ?»

የልጃቸውን ደም ለመመለስ ያልፈሩ ሰው፣ ቢላዋ ሳይመልሱ ቤታቸው መግባት ፈሩ።