ዛፍ ቆጣሪው ሶፍትዌር

ኮምፒውተር አብዝቶ የሚወድ ኃላፊ ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል፤ ድንጋጤው እስካሁን አልለቀቀኝም።

ደብረ ታቦር ተቀምጬ ሶፍትዌር እሠራለሁ። ገሳይ አካባቢ ላለ አንድ ጽሕፈት ቤት የተተከሉ ችግኞችን የሚቆጥር ፕሮግራም ሠርቼ ልጭንላቸው ሄድኩ። ግቢው ስደርስ ባለፈው ስመጣ ያየሁት ያ ትልቁ ወይራ የለም። ጉቶው ገና እርጥብ ነው።

«ወይራው ምን ሆነ?» አልኩ።

«ቆረጥነው» አሉ ኃላፊው ፈገግ ብለው። «ላንተ ሶፍትዌር ብለን የተከልነው ሶላር ላይ አጠላበት።»

ጉድ እኮ ነው! ዛፍ ለመቁጠር ዛፍ ይቆረጣል?

ጉቶው አጠገብ የቆሙ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ ስንት ደመኛ ከሥሩ ታርቋል። ለመሆኑ ይኼ ያመጣኸው ነገር የተቆረጠውንም ይቆጥራል?»

ላብ አጠመቀኝ። መደመሪያ እንጂ መቀነሻ አልሠራሁለትም። ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም አላሰብኩትም። እዚያው ቁጭ ብዬ መቀነሻ ጨመርኩና የመጀመሪያውን በገዛ እጄ መዘገብኩ፦ «ወይራ፣ አንድ፣ የተቆረጠ።»

አሁን የመደንገጥ ተራው የኃላፊው ሆነ። «ኧረ በሞቴ አጥፋው! ይኼን እኮ የበላይ አካል ያየዋል!»

«ማጥፊያ አልሠራሁለትም» አልኳቸው።