በማዳመጫው ውስጥ ያለው ሰውዬ

የዚያ ዓመት ክረምት እንዴት ይረሳል። ዝናቡ ጠዋት የጀመረውን ማታም አይጨርሰውም ነበር። ልብስ ገመድ ላይ ይሰነብትና እዚያው ይሸታል፤ ሰው ከቤቱ አይወጣ፣ ጎረቤት ከጎረቤት አይጠያየቅ፤ ያለው ወዳጅ ሬዲዮ ብቻ ነው። ከጎማ መጠገኛው ፎቅ ላይ ያለችው ትንሿ ጣቢያም እንደዚያ ክረምት ተደምጣ አታውቅም። መብረቅ የመታትም በዚያው ክረምት ነው። ድምፅ የሚያሳምረው የብረት ሳጥኗ፣ ያነሰውን ከፍ፣ የጮኸውን ዝቅ አድርጎ ወደ አየር የሚለቀው ሳጥን፣ ከሰል ሆኖ ቀረ።

ቴክኒሻኑም የሳጥኑን ሥራ የሚሠሩ ሁለት ሶፍትዌሮች ኮምፒውተር ላይ ጫነና የትኛው ይሻላል እያለ ያወዳድር ጀመር። አንደኛውን ጎረምሳው፣ ሁለተኛውን ሙሽራው ብሎ ስም አወጣላቸው። ይኼን ቴክኒሻን ሰው ሁሉ «ሊቁ» ይለዋል፤ የማያውቀው ነገር መኖሩን አያውቅም። ዜና አንባቢው ደግሞ የሊቁ እህት ባል ነው። ነገር የሚገባው ዘግይቶ፣ የሚናገረውም ረግቶ ነውና «ጋሼ ቀስበቀስ» ይሉታል። ደግ ሰው ነበር። ሙሽራው ሥራ ላይ ከዋለ ወዲህ ግን ሁለት ቀን ሙሉ ዜና ላይ ሲንተባተብ ሰነበተ። በሦስተኛው ቀን፣ ከቀትሩ ዜና በፊት፣ ሁለቱ እንዲህ ሲጨቃጨቁ ነበር።

(ስቱዲዮው ውስጥ። ግድግዳው በብርድ ልብስ ተሸፍኗል። ከታች የጎማ ቤቱ መዶሻ ይሰማል። ቀስበቀስ የጆሮ ማዳመጫውን እንደ ሞተ አይጥ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ ይዞታል።)

ቀስበቀስ፦ ሰው አለ።

ሊቁ፦ የለም!

ቀስበቀስ፦ አለ እንጂ። ወንድ ነው።

ሊቁ፦ ጋሼ፣ ይኼ ሽቦና ስፖንጅ ነው! ስፖንጅ ውስጥ ሰው ይገባል?

ቀስበቀስ፦ ሬዲዮ ውስጥስ ሰው ይገባል? እኔ ግን ይኸው ሃያ ዓመት ገብቼ ሳወራ ኖርኩ።

ሊቁ፦ ወይ እህቴ! ምን ዓይነቱን ነው ያገባሽው!

ቀስበቀስ፦ እሷን ተዋት፣ ቤቷ አርፋ ትቀመጥ። ሰውዬው እኔ ያልኩትን ይላል። «እንደምን ዋላችሁ» ስል፣ እሱም ከኋላዬ «እንደምን ዋላችሁ» ይላል።

ሊቁ፦ እሺ፣ ይበል። አንተ ምን ታደርጋለህ?

ቀስበቀስ፦ ይጨርስ ብዬ እቆያለሁ። ከሰው አፍ ነጥቆ መናገር ነውር አይደለም? ከዚያ ልቀጥል ስል እሱም ይቀጥላል። ቢቸግረኝ «እርስዎ ይቅደሙ» አልኩት።

ሊቁ፦ በአየር ላይ?

ቀስበቀስ፦ በአየር ላይ። እሱም «እርስዎ ይቅደሙ» አለኝ። ጨዋ ነው፤ ግን አይቀድምም።

ሊቁ፦ (ጸጉሩን ይዞ) ትናንት የጎርፉ ዜና ላይ «እርስዎ ይቅደሙ፣ እርስዎ ይቅደሙ» ስትል የነበረው ለዚህ ነው? ሰዉ እኮ ጎርፉን ወደ ቤት የምታስገባው መስሎታል!

ቀስበቀስ፦ በጎረምሳው ጊዜ ሰውዬው አልነበረም። ጎረምሳውን መልስልኝ።

ሊቁ፦ ጎረምሳውን! ጎረምሳው ምን እንዳደረገን ረሳኸው? አንተ ዝም ስትል እሱ ዝምታውን አንስቶ ይጮህበታል! የታችኛው መዶሻ ከባለሥልጣኑ ንግግር እኩል ወጣ። ሆድህ ሲጮህ እንኳ አንዲት ሴትዮ ደውላ «ነጎድጓዱ እናንተም ጋ አለ?» ብላ ጠየቀች!

ቀስበቀስ፦ ቁርስ አልበላሁም ነበር።

ሊቁ፦ ቁርሱን አልጠየቅኩህም! ጎረምሳው ኮምፕረሰሩ፣ ድምፅ የሚያመጣጥንበቱ፣ ሻካራ ነው እያልኩህ ነው። ኮምፕረሰር ታውቃለህ?

ቀስበቀስ፦ እንዴት አላውቅም? ከታች ጎማ ይነፉበታል። ይልቅ አዲስ ከምትጭን እነሱን አንዋሳቸውም?

ሊቁ፦ (ወደ ጣሪያው እያየ) አንተ ፈጣሪ፣ ከስንቱ ጋር አሠራኸኝ! ና፣ ቁጭ በል። አንድ የዜና ቅጂ በሁለቱም አሰማሃለሁ። ሰምተህ ፍረድ።

(መጀመሪያ በጎረምሳው፣ ቀጥሎ በሙሽራው ያሰማዋል። ቀስበቀስ ዓይኑን ጨፍኖ ረጅም ጊዜ ያስባል።)

ሊቁ፦ እህ? ልዩነቱ ተሰማህ?

ቀስበቀስ፦ ሁለቱም ስለ አንድ ድልድይ ነው የሚያወሩት።

ሊቁ፦ ወሬውን ተወውና ድምፁን ስማ! ሙሽራው እኮ ሰውን ያሰናዳል። ቀጭኑን ያወፍራል፣ ሻካራውን ያለሰልሳል። ያንተም፣ የእኔም፣ የዘበኛውም ድምፅ ማር ተቀብቶ፣ ካባ ደርቦ ነው የሚወጣው!

ቀስበቀስ፦ ታዲያ ማን ማን እንደሆነ በምን ይለያል?

ሊቁ፦ መለየቱ ምን ይሠራል? ካማረ አይበቃም?

ቀስበቀስ፦ እንከንስ የለውም?

ሊቁ፦ ምንም! ብቻ ትንሽ ይዘገያል። ሙሽራ ነዋ! ድምፁን አጥቦ፣ ሱፍ አልብሶ፣ ከረባት አስሮ እስኪያስወጣው ዓይን እስኪርገበገብ ያህል ይቆያል። አድማጩን ምን ቸገረው? ደግሞ ለአንተ አስቤ፣ ማዳመጫህንም ሙሽራው አስውቦ ከሚያወጣው ድምፅ ላይ ነው የቀጠልኩልህ። ራስህን አምሮብህ እንድትሰማ ብዬ!

ቀስበቀስ፦ እግዜር ይስጥልኝ። ብቻ ሰውዬውን...

ሊቁ፦ ሰውዬ የለም አልኩህ!

(ቀስበቀስ የዜናውን ወረቀት በመዳፉ እየደጋገመ ያቃናል።)

ቀስበቀስ፦ አዲሷ ኃላፊ ጠዋት ጠርታኝ ነበር።

ሊቁ፦ (ድንገት ሽቦ መፍታት ጀምሮ) ምን... ምን አለችህ?

ቀስበቀስ፦ «የቀትሩን ዜና መኪናዬ ውስጥ ሆኜ እሰማለሁ። ዛሬም ከተንተባተቡ ከማይኩ ይነሡና ማኅደር ቤት ይገባሉ» አለችኝ። ማኅደር ቤቱን ታውቀዋለህ፤ መስኮት እንኳ የለውም። እኔ «እንደምን ዋላችሁ» ስል በየቤቱ ብቻዋን የተቀመጠች አሮጊት ሁሉ «ደኅና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ትለኛለች። ማኅደር ቤት ማን ይመልስልኛል?

ሊቁ፦ ካሴቶቹ።

ቀስበቀስ፦ አንድ ነገር ደግሞ ጨመረች። «አማችዎ ራሱ ነግሮኛል፣ አእምሮዎ ደክሟል ብሏል» አለች።

ሊቁ፦ ለእህቴ ብዬ ነው! ትንሽ እንድታርፍ!

ቀስበቀስ፦ እኔ ጨለማ ቤት ስገባ እሷ እንዴት ነው የምታርፈው?

ሊቁ፦ እሱን... እሱን አላሰብኩበትም። ግን አንባቢ ከጠፋ እኔ ላንብብ አልኳት፤ ምን አጠፋሁ? ማንበብ ምን ጥበብ አለው? ፊደል ነው፤ እያየህ ትጠራዋለህ። ተነሥ! ዛሬ እኔ ልጀምረውና አይተህ ተማር።

ቀስበቀስ፦ እሺ። ብቻ ሰውዬውን በትሕትና ያዘው።

(ቀዩ መብራት በራ። ሊቁ ወንበሩን ነጥቆ ተቀመጠ፣ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፋ፣ ደረቱን ነፋ።)

ሊቁ፦ ጤና ይስጥልኝ የተከበራችሁ አድማጮ... ጮች... የቀት... የቀትሩን ዜና... ዜናና... ና...

ቀስበቀስ፦ (በሹክሹክታ) አሳልፈው! አሳልፈው!

ሊቁ፦ የመንገዶች ባለ... ባለሥል... ሥልጣን ድል... ድልድ... (ላቡ እየተንቆረቆረ) ዝም በል! ... ማንን ነው ዝም በል የምትለው? ... አንተ ማነህ? ... ባለጌ!

ቀስበቀስ፦ ኧረ አትስደበው፣ መልሶ ይሰድብሃል!

ሊቁ፦ ሰደበኝ እኮ! በገዛ አፌ ሰደበኝ!

(ቀስበቀስ በትከሻው ገፋ አድርጎ ከወንበሩ አስነሣው። ማዳመጫውን ሊያጠልቅ ሲል በሊቁ ላብ ርሶ አገኘው፤ ተጠየፈና መስኮቱ ላይ ሰቀለው። ከዚያ በባዶ ጆሮው ወደ ማይኩ ጎንበስ አለ።)

ቀስበቀስ፦ ጤና ይስጥልኝ አድማጮቻችን፣ ይቅርታ እንጠይቃለን። ዜናችንን ከመጀመሪያው እናነባለን። የመንገዶች ባለሥልጣን በጎርፍ የተጎዳውን ድልድይ ለእግረኛ ክፍት ማድረጉን አስታወቀ። ለተሽከርካሪ ግን እስከ ክረምቱ መውጫ ዝግ ሆኖ ይቆያል...

(ንባቡ ውኃ በቦይ እንደሚሄድ ሄደ፤ አንዲት ቃል አልተደናቀፈችም። ሙዚቃ ተለቀቀ፣ ማይኩ ተዘጋ። ወዲያው ስልኩ ጮኸ። ሊቁ ለሁለቱም እንዲሰማ አድርጎ ከፈተው።)

ኃላፊዋ፦ ሁሉንም ሰማሁ።

ሊቁ፦ እመቤቴ፣ ላስረዳዎት...

ኃላፊዋ፦ አታቋርጠኝ። በዚህ ሶፍትዌር ድምፃችሁ ሁሉ አንድ ሆኗል፤ እኔ የለየኋችሁ በአነባበባችሁ ነው። መጀመሪያ ያነበበው፣ አድማጭን «ባለጌ» ያለው፣ ዛሬውኑ ማኅደር ቤት ይግባ። ጋሼ ቀስበቀስ፣ አይቀየሙኝ፤ ዕድሜ ነው።

ቀስበቀስ፦ እኔን ነው?

ኃላፊዋ፦ ሁለተኛው ግን! ሊቁ፣ አንተ ነህ አይደል? እንዲህ ያለ ንባብ ሰምቼ አላውቅም። ከነገ ጀምሮ የጠዋቱም፣ የቀትሩም፣ የማታውም ዜና ያንተ ነው።

(ሊቁ መስኮቱ ላይ የተሰቀለውን ማዳመጫ አየ። ማዳመጫውም ያየው መሰለው።)

ሊቁ፦ እመቤቴ... ሁለተኛው እኔ አይደለሁም።

ኃላፊዋ፦ ለአማችህ አዝነህ ነው። ዘመድ ማክበርህ ደስ ይላል።

ሊቁ፦ አላዘንኩም! ተንተባታቢው እኔ ነኝ!

ኃላፊዋ፦ ትሕትናም አለህ።

ሊቁ፦ ምን ትሕትና አለኝ! ጅል ነኝ! ጋሼ፣ ንገራት እንጂ!

ቀስበቀስ፦ (አስቦ፣ አስቦ) እውነቱን ነው እመቤቴ። ጅል ነው።

ኃላፊዋ፦ እርስዎ ደግሞ ተበሳጭተው ነው። ይገባኛል።

ሊቁ፦ እህቴን ይጠይቋት! እናቴን ይጠይቋት! የጎማ ቤቱን ሰዎች ይጠይቋቸው! ከልጅነቴ ጀምሮ ጅል ነኝ፣ ምስክር አቆማለሁ!

ኃላፊዋ፦ በል፣ ለነገ አረፍ በል። እንግዶች ይዤ መጥቼ ስታነብ አሳያቸዋለሁ።

(ስልኩ ተዘጋ። ቀስበቀስ ካፖርቱን ከመስቀያው አንስቶ ወደ በሩ ያመራል።)

ሊቁ፦ ወዴት ነው?

ቀስበቀስ፦ ማኅደር ቤት ግባ ተባልኩ አይደል?

ሊቁ፦ (እግሩ ላይ ተጠምጥሞ) ጋሼ! በእህቴ ሞት! ከዚያ ሰውዬ ጋር ብቻዬን አትተወኝ!

በማግስቱ ኃላፊዋ እንግዶቿን አስከትላ ስትመጣ ሊቁ አልነበረም። ቤቱ ቢላክ፣ የለም። ዜናው ሲደርስ ጊዜ ቀስበቀስን ከማኅደር ቤት አቧራውን እያራገፉ አመጡት፤ በባዶ ጆሮው ተቀምጦ አነበበ። ሴትዮዋ ከመስታወቱ ወዲያ ቆማ ሰማችው፤ ፊቷ መቅላት ሲጀምር እንግዶቹም አዩ። ማኅደር ቤት የሚባል ነገር ዳግመኛ ከአፏ አልወጣም። ቀስበቀስ ጸጉሩ ጥጥ እስኪመስል ድረስ በዚያች ወንበር ላይ ቆየ፤ ሙሽራውም አብሮት ከረመ። ማዳመጫውን ከመስኮቱ ማንም አላወረደውም፤ ቀስበቀስ ግን ሲገባም ሲወጣም አንገቱን ዝቅ አድርጎ እጅ ይነሣው ነበር።

ሊቁ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው ከወንዙ ማዶ ባለው የእህል ወፍጮ ቤት ነው። እዚያ ሞተር ያስነሣል፤ ጩኸቱ የገዛ ድምፁን እንኳ አያሰማውም።